ድመቷ የቀደደችው የወንፊት በር

ይህን ስነግራችሁ አንዲት ቃል ብዋሽ ከተቀመጥሁባት ወንበር አያስነሣኝ። የቀረችኝ ዕድሜ ብዙ አይደለችም፤ ቢሆንም ለመሐላ ትበቃለችና እሷኑ አስይዛለሁ። ጎረቤቶቼ "ጋሽ ታፈረ አንድ አይቶ አሥር ያወራል" እያሉ ስሜን እንደሚያጠፉ አውቃለሁ። ውሸታቸውን ነው፤ ከአራትና ከአምስት አልፌ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አንድም አልጨምር።

የማወጋችሁ ስለ ቀዳዳ ነው። መቼም ቀዳዳ የሚወድ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ሰው ካልሲው ላይ ቀዳዳ ሲያይ ያፍራል፤ ጣሪያው ላይ ሲያይ ይራገማል፤ ኪሱ ላይ ሲያይማ ዓለም በቃኝ ይላል። እኔም እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ቀዳዳ ስጠላ ኖሬ ኖሬ፣ በስተርጅና የአንዲት ቀዳዳ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። ያውም ያለ ደመወዝ።

ቤቴ ነፋስ ስልክ ነው፤ ያኔም ዛሬም። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወደ ማምሻው ላይ። ቤቱ የቀበሌ ነበር፤ ከመወረሱ በፊት አንድ ጣሊያን መካኒክ ይኖርበት እንደነበር ይወራል። ጣሊያኑ ሲሄድ የሚነቀለውን ሁሉ ነቅሎ ሲወስድ አንዲት ነገር ረስቶልናል፤ የወንፊት በር። ከእንጨቱ በር ፊት የምትቆም፣ በቀጭን እንጨት ላይ ሽቦ ወንፊት የተወጠረባት ቀላል በር ናት። ነፋስ ታስገባለች፣ ዝንብ ትመልሳለች። የእንጨቱ በር ቁልፍ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር፣ እኛን ከውጪው ዓለም የምትለየን በዚች በር በስተውስጥ ያለች አንዲት የሽቦ መንጠቆ ብቻ ነበረች። በዚያ ዘመን፣ በመንጠቆ ተማምኖ መተኛት! ግን ሊገባ ያሰበ አካል እንደሆነ ብረት በርም አልመለሰውም።

ዝንብ ካልሁ አይቀር፣ የኛን ሰፈር ዝንብ ያላየ ሰው "ዝንብ አውቃለሁ" ባይል ይሻለዋል። ቄራ ቅርባችን ነው። ዝንቦቹ ቁርሳቸውን ቄራ በልተው፣ ጎፋ ላይ ጥቂት አረፍ ብለው፣ ለምሳ እኛ ቤት ከች ይላሉ። ሥጋ የለመደ ዝንብ ደግሞ ሽሮ ሲቀርብለት ይቆጣል። አንዱማ ወጡ ጫፍ ላይ አርፎ፣ ቀመስ አድርጎ፣ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አይቶኝ ሲወጣ በዚህ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ይቺ የወንፊት በር አንድ ቀን ልክ ከመንጠቆዋ አጠገብ ተቀድዳ ተገኘች። ቀዳዳዋ እጅ ታስገባለች። ማን ቀደዳት? ድመቷ ናታ!

የኛ ድመት የዋዛ ድመት አልነበረችም። ቁመቷ ጥጃ ያህላል። ስሟ ንግሥት ነበር። ይህን ስም ጓድ በቀለ ሰማ። ጓድ በቀለ የቀበሌያችን የጽዳት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው፤ ወጣት ነው፣ ካኪ ይለብሳል፣ ሲራመድ ከኋላው ሰልፍ ያለ ይመስለዋል። "በዚህ ቀበሌ ውስጥ ንግሥት ተብሎ የሚጠራ ፍጡር ሊኖር አይችልም፤ የፊውዳል ርዝራዥ ነው" አለ። ስሟን ለውጠን ትግል አልናት። ትግል ተብላ ስትጠራ ጆሮዋን እንኳ አታነሣም፤ ቀስ ብለው ንግሥት ሲሏት ግን ከጣሪያ ዘላ ትወርዳለች። በዚያ ሰፈር አቋሟን ሳትለውጥ የኖረች እሷ ብቻ ነበረች።

የቀዳዳው ጥፋት የድመቷ መሆኑን መጀመሪያ የነገረኝ ደረጀ ነው። ደረጀ አንድዬ ልጃችን ነው፤ ተማሪ ነበር፤ ከትምህርት የተረፈውን ጊዜ፣ አንዳንዴም ያልተረፈውን፣ ጎፋ ሜዳ ኳስ ሲያባርር ይውላል። ሲመለስ እናቱ አስካለ ከቤቱ ጀርባ ማድ ቤት ትሆንና "እማዬ ክፈችልኝ" ቢል ቢጮኽ አትሰማውም። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? እንጀራ ከተዘጋ ቤት ውስጥ መጥፋት ጀመረ። መንጠቆው እንደተቆለፈ ነው፤ መሶቡ ግን ባዶ ነው። አስካለ ለጸበል ልትሄድ ስትዘጋጅ እኔ በሩን ልመርምር ብዬ ቀዳዳዋን አገኘኋት። ልጁ እጁን ሰዶ መንጠቆውን ያነሣል፤ ይገባል፤ ይበላል፤ ሲወጣም በዚያው ቀዳዳ እጁን መልሶ ከውስጥ ይቆልፋል። ጆሮውን ይዤ ማን እንደቀደደው ጠየቅሁት። ዓይኔን እያየ "ድመቷ ናት አባዬ" አለኝ።

አስካለ በሳቅ ፈረሰች። ወንበር ይዛ ሳቀች፣ ግድግዳ ይዛ ሳቀች፣ በመጨረሻ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ማድ ቤት ገባች። እኔም ለቁጣ የከፈትሁት አፍ ለሳቅ ዋለ። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን አንድ ነገር ሲሰበር፣ ሲፈስ፣ ሲጠፋ፣ ማን ነው ሲባል መልሱ አንድ ሆነ፤ ድመቷ ናት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጎፋ ሜዳ በወታደር መኪና ተከበበ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው ተባለ። አጥቂውንም፣ ተከላካዩንም፣ ዳር ቆሞ የሚያየውንም ጫኑት። ከዚያ ሜዳ ያመለጠችው ኳሷ ብቻ ናት፤ ተንከባልላ ቦይ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ጓድ በቀለ ባንደኛው መኪና ጋቢና ተቀምጦ ልጆቹን ሲያመላክት ነበር ይላሉ። እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አላወራም።

ከርሞ አንድ በክራንች የሚሄድ ወታደር ከሰሜን መጥቶ የደረጀን ሰላምታ አደረሰን፤ ደኅና ነው፣ የናቱ ወጥ ናፍቆታል አለን። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ዝምታው ደግሞ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነበር፤ ቢደርቡት አይሞቅ፣ ቢጥሉት ሌላ የለ።

አስካለ አላለቀሰችም። ብታለቅስ በወደድሁ። ሳቋን ብቻ ተወችው፤ አውልቃ እንደ ሰቀለችው ልብስ። ምስሯን ይዛ ከወንፊቷ በር ፊት ለፊት ትቀመጥና እየለቀመች ቀዳዳዋን ታያለች። ከዚያ ቦታ ላለመነሣት ስትል ገበያ መውጣት ተወች፣ ማኅበር ቀረች፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለምም ገና "አሜን" ሳይባል ትመለሳለች። ዝንቡ በቀዳዳው ይገባል፣ ይወጣል። እሷ አታባርረውም። እኔ እንዲያውም አንዳንዴ ዝንቡን ወሬ ትጠይቀዋለች ብዬ እጠረጥር ነበር።

የአብዮት በዓል ቀረበ። መቼም ታስታውሳላችሁ፤ አጥሩ ኖራ ይቀባል፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ ቆሞ የተገኘ ሰውም ካልሮጠ ኖራ ይቀባል። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የሚመጡ እንግዶች ቤት ለቤት ዞረው ጽዳት ሊያዩ ነው ተባለ። ጓድ በቀለ ቀድሞ መጥቶ ቀዳዳዋን አያት። ብቻችንን ስንሆን ጋሽ ታፈረ ነበር የሚለኝ፤ ያን ቀን ግን ጓድ ታፈረ አለኝ፤ ያኔ ነገሩ መክበዱ ገባኝ። ዝንብ የአብዮቱ ጠላት እንደሆነ፣ ይቺ ቀዳዳም ለጠላት የተተወ በር እንደሆነች አስረዳኝ። አስካለ ከምስሯ ቀና ሳትል "ያቺ ቀዳዳ አትነካም" አለች። ለምን ቢላት "ልጄ የሚገባው በሷ ነው" አለችው። ጓድ በቀለ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ካኪውን አስተካከለ፤ ከበዓሉ በፊት ካልተሠራ ግን ጉዳዩ ከሱ አቅም በላይ እንደሚሆን ለኔ ነግሮኝ ወጣ። በዚያ ዘመን ከአንድ ሰው አቅም በላይ የሆነ ጉዳይ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ ፈራሁ። ሽቦ ወንፊት ፍለጋ ወጣሁ። የት ይገኛል? ሱቁ ሁሉ ባዶ መደርደሪያና እንደ ዘቢብ የተጨማደደ ሻጭ ብቻ ነው። በመጨረሻ መርካቶ አንዲት ሴት የዱቄት ወንፊት ዘርግታ ስትሸጥ አገኘሁና መላ መጣልኝ፤ የወንፊቶቹን ክብ ሽቦ አውልቄ፣ ገጣጥሜ፣ በሩ ላይ ብሰፋውስ? እኔ ጫማ ፋብሪካ ሰፊ ነኝ፤ ለኔ በር ምንድነው? ትልቅ ጫማ ነው። ያላትን ሁሉ ወንፊት ስሰበስብ ሴትዮዋ "አባቴ፣ ስንት ልጅ ሊድሩ ነው?" አለችኝ። የምድረው የለኝም፣ በር ልሠራበት ነው አልኋት። "ውይ በሞትኩት፣ ዱቄቱን በበር ሊያስገቡ ነው?" ብላ ከጎኗ ላለችው ሻጭ ጠቀሰቻት።

ወንፊቱ ተገኘ፤ አስካለን ከቦታዋ ማስነሣት ግን ከወንፊቱ የበለጠ ከባድ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የጠቀመኝ ሞት ነው። መካኒሳ የሚኖሩ አክስቷ ዐረፉና ለቅሶ መድረስ ግድ ሆነባት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ "ታፈረ፣ ያችን ቀዳዳ እንዳትነካት" አለችኝ። እሺ አልኋት። የባል እሺ ምን እንደሆነ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላገባችሁም ትደርሱበታላችሁ።

ገና ከሰፈሩ ሳትወጣ ከጎረቤታችን ከአናጺው ከሀንዲሶ ፒንሳ ተዋስሁ። ሀንዲሶ የሆሳዕና ሰው ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው ስለነበር መዝሙሩን ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ነበር የሚዘምረው። አሮጌውን ሽቦ ነቅዬ ጣልሁ። የወንፊቶቹን ክቦች በወስፌና በጫማ ክር አያይዤ ወጠርኋቸው። ሲያልቅ ሙሉ ጨረቃዎች ሰልፍ የወጡበት ሰማይ መሰለ። ሀንዲሶ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየና "ጋሼ፣ ይሄ በር ነው የሌሊት ልብስ?" አለኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍሁት።

ከውስጥ ሆኜ ሳየው ግን ልቤ ዝቅ አለ። የዱቄት ወንፊት ከዝንብም አልፎ ነፋስ አያሳልፍም፣ ብርሃንም አንገዋሎ ነው የሚያስገባው። ቤቱ ጨለመ። ነፋስ ስልክ ላይ ነፋስ ደጅ ቆሞ ቀረ። የአስካለ ዱካ፣ ያቺ የምትቀመጥባት በርጩማ፣ እዚያው በሩ ፊት እንደ ተቀመጠች ነው፤ የምታየው ነገር ግን የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለኝ። ሰው መጥቶ ድንኳን እስኪጥል ብቻ የምንጠብቅ።

ከቀትር በኋላ ጓድ በቀለ መጣና እጄን ጨበጠ። ነገ እንግዶቹን መጀመሪያ እናንተ ቤት ነው የማመጣው አለ። አርአያ ሆናችኋል አለ። አስቡት፣ አርአያ!

አስካለ ከለቅሶ የተመለሰችው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በሩን አየችው። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። ጠጋ ብላ ጣቷን ቀዳዳዋ በነበረችበት ቦታ አሳረፈች፤ ዓይነ ስውር ፊት እንደሚዳስስ ዳሰሰችው፤ ሽቦው አልከፈት ሲላት ጣቷን መለሰችና ደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ግቢ እንጂ አልኋት። "በየት?" አለችኝ። መንጠቆውን አንሥቼ ከፈትሁላት፤ አልተነሣችም። "እሱ ሲመጣ በየት ይግባ?" አለች። ያንኳኳል፣ እኛም እንከፍትለታለን አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። "የገዛ ቤቱን? ልጅ የናቱን በር ያንኳኳል፣ ታፈረ? ባዳ ነው የሚያንኳኳ። መጥቶ ቀዳዳዋን ቢያጣ፣ እነዚህ ሰዎች ተስፋ ቆርጠውብኛል ብሎ ቢመለስስ?"

ምን ትመልሱላት ነበር? በኋላ ብርዱ ሲጠና እጇን ይዤ አስገባኋት። ራት አልበላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ብድግ ስንል ቀዳዳዋ ተመልሳለች። እዚያው ቦታ፣ መንጠቆው አጠገብ፣ እጅ ታስገባለች። አዲሱ ወንፊት ላይ ሌላ አንዲት ጭረት የለም። ድመቷ ናት። ቀድሞም መውጫዋ ያ ነበረ፤ መውጫዋ ሲዘጋባት አብዮታዊ እርምጃ ወሰደች። ጥፍሯ እኮ የዋዛ አይደለም፤ አንዴ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ስታክክ ዝናብ አስገብታለች።

ቀዳዳዋን አይተን ሳንጨርስ ጓድ በቀለ እንግዶቹን አስከትሎ ደረሰ። ከሩቁ እጁን ዘርግቶ "ይህ እንግዲህ..." ብሎ ጀመረና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ቀዳዳዋን አየ። እኔን አየ። እንግዶቹን አየ። ጆሮው ቀላ። ይህ አሻጥር ነው፣ ማን ነው የቀደደው ብሎ ጮኸ። አፌ ከኔ ቀድሞ መለሰ። "ድመቷ ናት ጓድ" አልሁ።

ከወንፊቱ በስተጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ሲጢጥ አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የአስካለ ሳቅ ነው። ዝጎ ነበር።

ጓድ በቀለ "የምን ድመት?" አለ። በእንግዳ ፊት ስሟን ማንሣት ያልፈለገ መሰለኝ። ከዚያ ወደ በሩ ተንደረደረና ድመት እንዲህ አትቆርጥም፣ ይህ የሰው ሥራ ነው፣ እነሆ እጅ ያስገባል ብሎ ለማስረዳት እጁን እስከ አንጓው ሰደደ። ገባለት። መውጣቱ ላይ ነው ችግሩ። ሽቦው የተቆረጠው ከውጪ ስለነበር ጫፉ ሁሉ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ሲገቡ ይለሳለሳል፣ ሲወጡ ይነክሳል። ጓድ በቀለ ሳበ። ሽቦው ነከሰ። አንዱ እንግዳ ወገቡን ይዞ ሊጎትተው ሲል "ኧረ ቀስ፣ ኧረ ቀስ ጓዶች!" ብሎ ጮኸ። በሌላው እጁ ማኅደሩን ስለያዘ ላቡን የሚጠርግበት እጅ የለውም። የቄራ ዝንቦች ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ? ግንባሩ ላይ ተሰልፈው ሰፈሩ። ያን ያህል ሥርዓት ያለው ሰልፍ በበዓሉም አላየሁም።

ይኼኔ አስካለ ከውስጥ ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የጓድ በቀለን ጣቶች ያዘቻቸው። ወንፊቱ ደቃቅ ስለሆነ ፊቷ አይታይም፤ ድምጿ ብቻ ነው የሚሰማው።

"አትታገል ልጄ" አለችው። "ስትታገል ነው የሚይዝህ። አውራ ጣትህን ወደ መዳፍህ ሰብስብ። እንዲያ። አሁን እጅህን እንደ ማንኪያ አድርግና ቀስ ብለህ ዙር። ደረጀ እንዲህ ነው የሚያወጣው።"

ጓድ በቀለ አውራ ጣቱን ሰበሰበ። እጁን እንደ ማንኪያ አደረገ። ዞረ። እጁ ወጣ፤ አንድም ቦታ አልተጫረም። ወጥቶም ቆሞ እጁን ያየዋል፤ የሱ አልመስል ያለው ይመስላል። እኔ በመኪናው ጋቢና አላየሁትም ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ፊቱን ግን አይቼዋለሁ።

አንዱ እንግዳ ታዲያ ቀዳዳው ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ጓድ በቀለ ካኪውን አስተካከለ፣ ደረቱን ነፋ፣ "በጥናት የተተወ የአየር ማስገቢያ ነው!" አለ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው አድናቆቱን ገለጸ። በኋላ እንደሰማሁት በሌላ ቀበሌ ስንት ደኅና የወንፊት በር በትእዛዝ ተበሳ። ጓድ በቀለ ሲወጣ ወደ በሩ ጎንበስ ብሎ "እማማ አስካለ፣ ትቆይ" አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለጽዳት ምርመራ እኛ ቤት የመጣ የለም።

ከዚያ ደርግም ወደቀ። ወታደሩ እየተንጠባጠበ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመለስ የሰፈሩ እናት ሁሉ አስፋልት ዳር ወጥቶ የያንዳንዱን ፊት እያየ ይጠብቅ ነበር። አስካለ አልወጣችም። መንገድ ላይ ብንተላለፍስ አለች። ምስሯን ይዛ በሩ ፊት ተቀመጠች። ዓመታት ተቀመጠች። አንድ ቀን ደግሞ ከዚያው ዱካ ላይ ተነሥታ ተኛችና በዚያው ዐረፈች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በዝንብ ሲማረር ዋለ። ዛሬ ሽቦ ወንፊት በየሱቁ በጥቅል ቆሟል፤ የሰፈር ሰው "ጋሼ፣ ለምን አይቀይሩትም?" ይለኛል። አርጅቻለሁ እላለሁ።

እንግዲህ ወንበሬ እንደያዘችኝ አልቀረችም፤ ተነሥቼ ልሂድ። የነገርኋችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ከአንዲት ትንሽ ነገር በቀር። ድመት ኖሮን አያውቅም። ጥጃ የምታህል ድመት ትንሽ ነገር ናት ወይ ካላችሁኝ፣ ከቀረው አንጻር ትንሽ ናት። ደረጀ ጆሮው በእጄ እንደተያዘ "ድመቷ ናት አባዬ" ሲለኝ ከበጋ እስከ ክረምት በቤታችን ድመት የሚባል ገብቶ አያውቅም ነበር፤ እናቱ በሳቅ የፈረሰችው ለዚያ ነው። እኔም ጓድ በቀለ ፊት ያንኑ ስደግም የዛገው ሳቋ የወጣው ለዚያው ነው።

ፒንሳውን ለሀንዲሶ የመለስሁት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። አገላብጦ አየው። የፒንሳው አፍ ውስጥ የወንፊት ሽቦ ቁራጭ ተሰክቶ ቀርቷል። "ጋሼ፣ ሥራው እኮ ትናንት ቀትር ላይ አልቆ ነበር፤ ታዲያ ሌሊቱን ምን ሲቆረጥበት አደረ?" አለኝ።

ድመቷ ተውሳኝ ነው አልሁት።